ባዮሎጂ ሳላውቅ የባዮሎጂ መፅሀፍ በምን ልምረጥ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን መጀመሪያ ባጭሩ ልድገመውና ልመልስ። ጎንደር ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ነው የምሰራው ብለሻል፣ ታናሽ ወንድምሽ ዘንድሮ ናቹራል ፍሬሽማን ገብቶ ጄኔራል ባዮሎጂ ከበደኝ አለሽ፣ አንቺም መፅሀፍ ልትገዢለት ማራኪ አካባቢ ፎቶኮፒ ቤት ብትሄጂ ሶስት ነገር አሳዩሽ፤ አንዱ ለሁለት ተከፍሎ በስፓይራል የተጠረዘ ወፍራም የአሜሪካ መፅሀፍ ኮፒ፣ አንዱ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ ቀጭን የህንድ እትም፣ አንዱ ደሞ ሲኒየሮች ያዘጋጁት ሀንድአውት። ወንድምሽ ሀንድአውቱ ይበቃኛል አለ፣ ሻጩ ወፍራሙን እያሳየሽ "ዶክተሮቹ ሁሉ ያነበቡት ይሄን ነው" አለሽ። "ባዮሎጂ ከ10ኛ ክፍል በኋላ አይቼው አላውቅም፣ ጥሩውን ከመጥፎው በምን ልለየው?" ነው ጥያቄሽ።

እኔ ይሄን ኮርስ እዚሁ ጎንደር ለፍሬሽማን ማስተማር ከጀመርኩ 14 አመት ሆነኝ። እና ባዮሎጂ አላውቅም ማለትሽ እንደውም ይጠቅምሻል። እኛ አስተማሪዎች መፅሀፍ ስንመርጥ የምናውቀውን ነገር ነው የምናነበው፣ መፅሀፉ ሳያስረዳ የዘለለውን ሳይታወቀን ከራሳችን እየሞላን እናልፋለን፣ ከዛ "ግልፅ ነው" እንላለን። አንቺ ግን ካልገባሽ አልገባሽም፣ በቃ። የመግቢያ መፅሀፍ ደሞ የሚፃፈው ላልገባው ሰው ነው።

ስለ ውፍረት ቶሎ ልበልና ልለፍ። ወፍራሙ ስትገልጪው ካምቤል የሚባለው ይመስለኛል። መጥፎ መፅሀፍ አይደለም፣ እኔም ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ግን 56 ምእራፍ ነው፣ ባዮሎጂን ዋና ትምህርቴ ብሎ ለያዘ ልጅ የተፃፈ ነው። የወንድምሽ ሴሚስተር 16 ሳምንት ገደማ ነው፣ በዛ ላይ ፊዚክሱ ማትሱ ሎጂኩ ምናምኑ አለበት፣ እና ዶርም ውስጥ ትራስ ከመሆን አያልፍም። ውፍረትን የምጠላው እኔ ብቻ አይደለሁም ደሞ፣ የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማህበር ፕሮጀክት 2061 በሚለው ስራው በፈረንጆቹ 2000 ላይ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው አመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) አስር በሰፊው የሚሰራባቸው የሃይስኩል ባዮሎጂ መፅሀፎችን ገምግሞ ከአስሩ አንዱም ከፍተኛ ነጥብ አላገኘም፣ ትልቁ ችግር ዝርዝሩና ቃላቱ በዝቶ ዋናው ሀሳብ መዋጡ ነበር። የዛኔ ያዩዋቸው ዋና ሀሳቦች አራት ብቻ ናቸው፤ የህዋስ አሰራር፣ ቁስና ጉልበት ከአንዱ ወደ አንዱ እንዴት እንደሚሄድ፣ ውርስ በሞለኪውል ደረጃ፣ እና ናቹራል ሴሌክሽን (ተፈጥሯዊ ምርጫ)። አራት ሀሳብ!

አሁን ሻጩ ያልነገረሽን ልንገርሽ፣ ይሄ ከይዘቱ እኩል ነው። ያሳዩሽ ኮፒ ጥቁርና ነጭ ነው አይደል? የደም ዝውውር ያለበትን ገፅ ክፈቺው። ኦርጅናሉ ላይ ኦክስጅን የያዘው ደም ቀይ፣ ኦክስጅኑን ያራገፈው ሰማያዊ ተደርጎ ነው የሚሳለው፣ ኮፒው ላይ ግን ሁለቱም አመድ ይሆናሉ፣ ከስሩ ያለው ፅሁፍ ደሞ አሁንም "ቀዩን ተመልከቱ" ይላል። ልጁ ምኑን ይመልከት? ያንን ገፅ የሚያህል የፈተና ወጥመድ የለም፣ ምክንያቱም ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው አርተሪ ከሌሎቹ አርተሪዎች ተለይቶ "ሰማያዊውን" ነው የሚሸከመው፣ እሱን ደሞ በቀለም ካልሆነ በቃል መሸምደድ ይሆናል። (በነገራችን ላይ ሰማያዊ ደም የለም፣ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ ጥሩ መፅሀፍ ቀለሙ ለመለያ ብቻ እንደሆነ ከስእሉ ስር ይናገራል፣ ይሄንንም እዛው እዪው።)

ሌላው፣ አንዳንድ ፎቶኮፒ ቤት ወረቀት ለመቆጠብ ሁለት ገፅ አሳንሶ አንድ ኤፎር ላይ ያትማል። የህዋስ ፎቶ ስር "1000 ጊዜ የጎላ" ተብሎ ከተፃፈ ስእሉ ሲያንስ ቁጥሩ ውሸት ሆነ ማለት ነው። ከስእሉ ስር ትንሽ መስመር ተሰምሮ "10 ማይክሮሜትር" የተባለበት ግን መስመሩም አብሮ ስለሚያንስ እውነት እንደሆነ ይቀራል። እኔ መፅሀፍ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ይሄን መስመር ነው፣ ያልደከመበት ደራሲ አያስገባውም።

ወደ ዋናው ልግባ። መፅሀፉን ከመጀመሪያው ምእራፍ አትጀምሪ፣ የመጀመሪያው ምእራፍ ሁሌም ያምራል፣ "ህይወት ምንድነች" ምናምን ይላል። ቀጥታ ፎቶሲንተሲስን ክፈቺ፣ ብርሃን አስተፃምሮ እንለው የነበረውን። ከመክፈትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ለራስሽ መልሺ፦ ባህር ዛፍ ሲተከል ችግኙ በሁለት ጣት ይያዛል፣ አድጎ ተቆርጦ ሲጫን አይሱዙ ይሞላል። ያ ሁሉ ክብደት ከየት መጣ?

እኔ በየአመቱ እጠይቃለሁ፣ በየአመቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም "ከአፈር" ይለኛል። ኢኩዌሽኑን በቃላቸው የሚያውቁ ልጆች እኮ ናቸው፣ ተነስና ፃፍ ስትያቸው ካርቦንዳይኦክሳይድ ሲደመር ውሃ ብለው ያለ ስህተት ይፅፉታል፣ ግን ያ የፃፉት ነገርና ውጭ የቆመው ባህር ዛፍ አእምሯቸው ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ለነገሩ ቫን ሄልሞንት የሚባል የቤልጅግ ሰው ይሄንን ነገር ያኔ በሚዛን ፈትኖታል፣ ውጤቱ የታተመው 1648 ነው፤ ወደ 90 ኪሎ ደረቅ አፈር በትልቅ ማሰሮ ሞልቶ ከ2 ኪሎ ትንሽ የምትበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለ፣ 5 አመት ውሃ ብቻ አጠጣት፣ ዛፏ ወደ 77 ኪሎ ገባች። አፈሩን አድርቆ ቢመዝነው የጎደለው ወደ 57 ግራም ብቻ ነው። ከአፈር የሚለው እዚህ ላይ አለቀለት። እሱ ግን ታዲያ ከውሃው ነው ብሎ ደመደመ፣ ያጠጣው ውሃ ብቻ ነዋ! አየሩን ማን አሰበው። የደረቀ እንጨት ክብደት አብዛኛው ከአየር ከገባው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው የሚመጣው፣ ከውሃ የሚገባው ሃይድሮጅን ክብደቱ ትንሽ ነው።

እና የመፅሀፉ ፈተና ይሄ ነው። ምእራፉን አንብቢው፣ ግማሽ ሰአት ስጪው፣ ስትጨርሺ የዛፉ ክብደት ከአየር መሆኑን መፅሀፉ በግልፅ አማርኛ፣ ማለቴ በግልፅ እንግሊዝኛ፣ ነግሮሻል? ወይስ ኢኩዌሽኑን ጥሎ ቀጥታ ወደ ፎቶሲስተም ሁለት ምናምን ገባ? ሁለተኛውን የሚያደርግ መፅሀፍ ስህተት ላይኖርበት ይችላል፣ ግን አያስተምርም። እዛው ምእራፍ ላይ "የጨለማው ሪአክሽን ማታ ይካሄዳል" የሚል ካገኘሽ ወይም "ተክል ማታ ብቻ ነው የሚተነፍሰው" ካለ መልሰሽ መደርደሪያው ላይ አስቀምጪው፣ የመጀመሪያው ስሙ ብቻ ነው ጨለማ እንጂ ማታ አይካሄድም፣ ተክል ደሞ ቀንም ማታም ይተነፍሳል። ሲፎር የሚባለውን ነገር (አንዳንድ ተክሎች በሙቀትና በጠራራ ፀሀይ ካርቦንዳይኦክሳይድን አጥብቀው የሚይዙበትን መንገድ) በሸንኮራና በበቆሎ ብቻ ካስረዳ ግን ይቅር በይው፣ ጤፍና ማሽላም እዛው ውስጥ ናቸው፣ ገብስና ስንዴ ግን አይደሉም፣ ወንድምሽ መተማ ማሽላ ደባርቅ ገብስ ለምን እንደሚያምር ከዛች ገፅ ተነስቶ ራሱ ሊያስበው ይችላል።

ቀጥሎ ጄኔቲክስን ክፈቺ። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ማስተማር በጀመርኩበት አመት ሁላችንም የተማርናትን አስተማርኩ፤ ምላስን እንደ ቱቦ መጠቅለል በአንድ ጂን ነው የሚወረሰው፣ የሚችል ዶሚናንት፣ የማይችል ሪሴሲቭ። መፅሀፉ ላይ ፎቶ ሁሉ አለው። ላብ ውስጥ ሁሉም ምላሱን አውጥቶ እየተሳሳቀ፣ እኔ ሰሌዳው ላይ የሚችልና የማይችል እያልኩ ስቆጥር፣ ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች፣ "ቲቸር እኔና እሷ መንታ ነን፣ እኔ እችላለሁ፣ እሷ አትችልም።" ዞር ብዬ ባያቸው ቁርጥ አንድ ፊት። ክፍሉ ፀጥ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው፣ ያቺን ምስኪን "በደንብ ሞክሪ" አልኳት! አስር ደቂቃ ምላሷን ስታጣምም ቆየች፣ አሁን ድረስ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ማታ ገብቼ ሳገላብጥ ነው የገባኝ። ነገሩን በ1940 ያሳተመው ስተርተቫንት ነው፣ በ1913 የመጀመሪያውን የጂኖች ካርታ የሰራ ትልቅ ሰው። በ1952 ማትሎክ የሚባል ሰው 33 ጥንድ ተመሳሳይ መንታዎችን አይቶ በ7ቱ ጥንድ አንዱ ሲችል ሌላው የማይችል ሆኖ አገኘው፣ በአንድ ጂን ቢሆን ይሄ አይሆንም። ስተርተቫንት ራሱ በ1965 ነገሩ አሁንም መፅሀፍ ላይ እየወጣ መሆኑ እንደሚያሳፍረው ፃፈ። እኔ ያስተማርኩት እሱ ይሄን ከፃፈ ከብዙ አስርት አመት በኋላ ነው። የኔዎቹ ልጆች በእርግጥ ተመሳሳይ መንታ መሆናቸውን በምን አረጋግጣለሁ፣ ፊታቸውን ነው ያየሁት፣ ግን የማትሎክ ይበቃል።

ስለዚህ መፅሀፉ ምላስ መጠቅለልን በአንድ ጂን ይወረሳል ካለ ደራሲው ሳያጣራ ከሌላ መፅሀፍ እየቀዳ ነው ማለት ነው። የምላስ ካርታም እንደዛው፣ ጣፋጭ ከፊት መራራ ከኋላ የሚለው ስእል፣ በ1901 የወጣ የአንድ ጀርመናዊ ጥናት በኋላ በስህተት ተነቦ የመጣ ነው። እሱን ለማጣራት ባለሙያም አያስፈልግሽ፣ እናትሽ ጠላ ስትጠነስስ ከጌሾው ቅንጣት የምላስሽ ጫፍ ላይ አድርጊ፣ ከፊት ይመርሻል። መፅሀፍ ከመፅሀፍ ሲቀዳ ደሞ እንዴት እንደሚሆን ስቴፈን ጄይ ጉልድ የሚባለው የሃርቫርድ ሰው ተከታትሎ ፅፎታል፤ የጥንቷ ትንሿ ፈረስ "ፎክስ ቴሪየር ታክላለች" የምትል አንዲት አባባል ከመፅሀፍ ወደ መፅሀፍ ስትገለበጥ ነው የኖረችው፣ ውሻዋን የማያውቅ ሰው ሁሉ እየፃፋት። እኛም ጋ እኮ መጥታ ነበር፣ እኔ ራሴ ፎክስ ቴሪየር የምትባል ቀበሮ ትመስለኝ ነበር።

መድሀኒቱ እዛው መፅሀፍ ውስጥ ይታያል፣ "እንዴት ታወቀ" የሚለውን ይነግረናል ወይ? ዲኤንኤ ሲባዛ እያንዳንዱ ኮፒ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ነው፣ ይሄን ሀንድአውቱም በአንድ መስመር ይለዋል። ጥሩ መፅሀፍ ግን የሜሰልሰንና የስታልን የ1958 ሙከራ ያሳይሻል፤ ባክቴሪያውን ከባድ ናይትሮጅን ውስጥ አሳድገው ወደ ቀላሉ አዛወሩት፣ አንድ ጊዜ ከተባዛ በኋላ ዲኤንኤው ከባዱም ጋ ቀላሉም ጋ ሳይሆን መሀል ላይ ተገኘ። አንድ ገፅ ነው የሚወስደው። ያቺን አንድ ገፅ ያነበበ ልጅ ፈተና ላይ ጥያቄው ቢጠመዘዝም አስቦ ይደርስበታል፣ መስመሯን የሸመደደው ግን አንድ ቃል ሲቀየርበት ይጠፋበታል፣ ወረቀት ሳርም ሁሌ የማየው ነው።

የምእራፍ መጨረሻ ጥያቄዎቹን ሳታዪ አትግዢ። ቀጭኑ የህንድ እትም እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው ብዬ እገምታለሁ፣ ያየኋቸው አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መፅሀፎች "ግለፅ፣ ዘርዝር፣ ልዩነቱን ፃፍ" ናቸው፣ መልሱ ደሞ ከኋላ 1. ለ፣ 2. መ ተብሎ ብቻ ተደርድሮ። ኦስሞሲስ ምንድነው ብሎ መጠየቅና ለቋንጣ የተዘለዘለ ስጋ ጨው ሲነሰነስበት ውሃ የሚያወጣው ለምንድነው ብሎ መጠየቅ አንድ አይደለም። ቋንጣን ከውጭ መፅሀፍ አትጠብቂ፣ ግን እንደሱ አይነት የሚያሳስብ ጥያቄ ከአስሩ ሶስት አራት ካለውና መልሱ ለምን እንደሆነ ከኋላ ካስረዳ፣ እሱ መፅሀፍ ገንዘብሽን ያወጣል። በሽፋን አልፈርድም፣ ጥሩ የህንድ እትም አለ፣ ያሳዩሽን አላየሁትም፣ አንቺ ግን አሁን ታዪዋለሽ።

እድሜውን ስለማየት፣ ኤዲሽን ብዙ አያስጨንቅሽ። የ15 አመት መፅሀፍ ስለ ህዋስ ክፍፍልና ስለ ሜንዴል ያው ነው። ቶሎ ማጣራት ከፈለግሽ ከኋላ ማውጫው ላይ ክሪስፐር የሚለውን ፈልጊ፣ ጂን ለመቁረጥ ያዋሉት በ2012 ስለሆነ ከሌለው የቆየ ነው። የሰው ጂን ብዛት 100,000 የሚል ደሞ በጣም አርጅቷል፣ ፕሮቲን የሚሰሩት 20,000 ገደማ ናቸው። ከአንድ ግሉኮስ 36 ወይም 38 ኤቲፒ (ህዋስ የሚጠቀምበት የጉልበት ሞለኪውል) ይወጣል የሚል ብዙ ታገኛለሽ፣ አሁን የሚባለው 30 እስከ 32 ነው፣ ግን ለዚህ ብለሽ መፅሀፍ አትጣዪ፣ ለፈተናው ክፍል ውስጥ የተባለውን ይዞ ይሂድ።

ቋንቋው። ይሄን ሰው አያነሳውም፣ ለኔ ግን ግማሹ ጉዳይ ነው። ወንድምሽን አስቀምጪውና አንድ አንቀፅ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፣ ከዛ መፅሀፉን ዘግቶ በአማርኛ ይንገርሽ፣ ጎንደርኛ አድርጎ፣ ለአክስቱ እንደሚያወራ። ከነገረሽና አንቺ ከገባሽ ያ መፅሀፍ ለሱ ነው። "ያው... ኢንዛይሙ... ሰብስትሬቱን..." እያለ ከተንተባተበ ወይ እንግሊዝኛው ከብዶታል ወይ መፅሀፉ አላስረዳም፣ ለአንቺ ግን የትኛውም ቢሆን ለውጥ የለውም፣ ሌላ ሞክሩ። በአንድ ገፅ ላይ በደማቁ የተፃፉ አዳዲስ ቃላት ቁጠሪ፣ ከስምንት ዘጠኝ ካለፉ ያ መዝገበ ቃላት ነው።

ሀንድአውቱን አትጣሉት። ሲኒየሮቹ ያለፈውን ፈተና ያውቃሉ፣ ለመከለስ ጥሩ ነው፣ ለመጀመሪያ ንባብ ግን መርዝ ነው፣ ያልገባህን ነገር አሳጥሮ ነው የሚሰጥህ። በሽታዎቹ ላይ ደሞ ከክፍሉ ሞጁል አይራቅ፣ የአሜሪካ መፅሀፍ ስለ ወባ ትንሽ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው በሽታ) ላይ ጭራሽ ጥቂት መስመር ነው የሚሰጠው፣ እዚህ ጎንደር ግን ሆስፒታሉ ከመተማና ከሁመራ የሚመጡ የካላዛር ታማሚዎችን የሚያክም ነው፣ ልጁ ነገ ጤና ቢገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ኢቮሉሽን ላይም ዳርዊን ያያቸውን የጋላፓጎስ ደሴቶች ወፎች ብቻ አንብቦ እንዳይቀር ንገሪው፣ ጣና ውስጥ ከአንድ ዘር ተነስተው ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያ የሆኑ ትልልቅ አሳዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም፣ ለባዮሎጂ ሰው ከወፎቹ የማያንስ ምሳሌ ነው።

አሁን ምን ትገዢ? ከሶስቱ አንዱንም ከመግዛትሽ በፊት ኦፕንስታክስ የሚባለውን አውርዱ፣ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያወጣው፣ ነፃ ነው፣ ማተምም ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ፎቶኮፒ ቤቱም አንቺም አትሳቀቁም። ሁለት አለው፤ ትልቁ 47 ምእራፍ ነው፣ ትንሹ ኮንሴፕትስ ኦፍ ባዮሎጂ የሚባለው 21 ነው፣ ለወንድምሽ ትንሹ። አፃፃፉ አንዳንዴ ደረቅ ነው፣ ስእሎቹም እንደ ካምቤሉ አያምሩም፣ ግን ከላይ ያልኩሽን ፈተናዎች ራሳችሁ አስፈትኑት፣ የኔን ቃል አትመኑ። ካምቤሉን ላይብረሪ ገብቶ ያልገባውን ርእስ ብቻ ይይበት፣ እዛ ያለው ኦርጅናል ባለቀለሙ ነው።

ስልክ ላይ የተቀመጠ ፒዲኤፍ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ቴሌግራሙ ሲጮህ ይዘጋል። አሳትሙት፣ ሁሉንም ሳይሆን ኮርሱ የሚሸፍናቸውን ምእራፎች ብቻ፣ አንድ ገፅ በአንድ ገፅ ሳያሳንሱት፣ ጥቁርና ነጭ ይበቃል። የደም ዝውውሩን፣ የህዋስ ክፍፍሉንና የፎቶሲንተሲሱን ስእል ያለባቸውን ገፆች ብቻ ለይተሽ በከለር አስወጪና መሀል ላይ አስጠርዢለት።